የቅቤ ቀማሿ ምላስ

እግዜር መልክም ድምፅም ነስቶኝ ምላስ ሰጥቶኝ ነበር። ቅቤ የሚያውቅ ምላስ ማለቴ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ ጤፍ የምታህል ቅቤ አፌ ውስጥ ካረፈች ላሟ ምን ስትግጥ እንደከረመች፣ ቅቤው ስንት ቀን እንዳደረ፣ ሞራ ተቀላቅሎበት እንደሆነም እናገር ነበር። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ዛሬ የሚመሰክርልኝ ሰው አልቀረም።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። መንደራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ከተማው ይህ ስም አልወጣለትም። ከዚያ ተነሥተን ቡሬ ገበያ እንሄዳለን፤ እናቴ ከባላገር ሴቶች ቅቤ ትገዛና ለከተማ ሰው ትሸጣለች። ባላገር ሁሉ ቅን እንዳይመስላችሁ። የበሬ ሞራ አቅልጣ ከቅቤ ጋር ለውሳ፣ ላዩን በንጹሕ ቅቤ ለቅልቃ፣ በኮባ ጠቅልላ ይዛ የምትመጣ ነበረች። ስትጠየቅማ መማል አይከብዳትም፤ «በማርያም!» ትላለች። ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫም ይታለላል። እናቴ ዕድሜዋ ሲገፋና ምላሷ ሲደክም እኔን በቦታዋ አስቀመጠችኝ።

አቀማመሱ ሥርዓት ነበረው። ስንደዶ እስከ ቅቤው እምብርት ድረስ እሰካለሁ፤ ስስበው ጫፉ ላይ የቀረችውን በምላሴ ጫፍ ተቀብዬ ወደ ላንቃዬ እገፋታለሁ። ንጹሕ ቅቤ ወዲያው ሟሙቶ ይሄዳል። ሞራ ግን አይሄድም፤ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ አመድ ላይ እተፋለሁ። ቅቤው ንጹሕ ከሆነ ዝም እላለሁ፤ ሞራ ካለበት ለእናቴ አንገቴን እነቀንቅላታለሁ። ቃል አንነጋገርም፤ ሻጯን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው።

ምላሴን የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። ለገበያ ሦስት ቀን ሲቀረው ቅቤ የነካ ነገር አታስቀምሰኝም። «ዘወትር የሚበላ አያውቀውም» ትለኝ ነበር፤ ፋሲካን እያስታወሰች። እውነቷን ነው። ሁዳዴን ሙሉ ቅባት ሳይነካ የከረመ አፍ በፋሲካ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲቀበል ጆሮው ድረስ ነው የሚሰማው። በማግስቱ ያው ወጥ ደግ ነው። በዳግማ ትንሣኤ ግን ሰው ሁሉ «ምነው ቅቤ አሳነሳችሁ?» ማለት ይጀምራል። ቅቤው አላነሰም፤ ምላሱ ለመደ።

በቤታችን ትልቅ ነገር በአፍ አይነገርም ነበር። እናቴ የተናገረችው በወጥ ነው። አባቴ አስቀይመዋት እንደሆነ ጨው ትነሳቸዋለች፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ ጎርሰው «ምን በድየ ነው?» ይላሉ። የእኅታቸው መርዶ የመጣ ለት ፍስክ ሆኖ ሳለ ወጡን ያለ ቅቤ አቀረበችላቸው። አባቴ አንድ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡና «ማናት?» አሉ። ሞት መሆኑን ካፏ ሳይሰሙ አወቁት። ይህንን ልብ በሉልኝ።

እናቴ ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሞተች፤ ያንን ዘመን አለማየቷ ለሷ እሰይ ነው። ጣሊያን ገባ፤ ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። በሄደ በሳምንቱ አባቴ ከነፍስ አባታችን ፊት ቆመው ተሳሉ። «ልጄ በእግሩ መጥቶ ደጄን እስኪረግጥ ጥሉላት በአፌ አይዞርም» አሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ቀረ። ፋሲካ የለ፣ ገና የለ። ወንድሜን በሕይወት ያቆየው ያ ጾም ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኔም አምን ነበር፤ ምን አለን ሌላ?

ነፍስ አባታችን «ሰውነትዎ አለቀ፤ ስለቱን ላቃልልዎት» ቢሏቸው አባቴ «እኔ ባቃልል እሱ ላይ ይከብዳል» ብለው እንቢ አሉ።

በዓመቱ ጣሊያኖች አርበኛ አብልታችኋል ብለው መንደራችንን አቃጠሉ። ጎተራው ከነእህሉ ነደደ፤ በሬዎቹ ተነዱ። አባቴና እኔ በተረፈችው ጎጆ ቀረን። የምንበላው ሲጠፋ እኔ ቡሬ ወርጄ ከጣሊያን ካምፕ ወጥ ቤት ተቀጠርሁ። ወንድም አለሽ ወይ ሲሉኝ የለኝም አልሁ። አፌ ላይ ያ ቃል እንዴት እንደመረረኝ ዛሬም አልረሳውም።

የወጥ ቤቱ አለቃ ከሐማሴን የመጣች የአስካሪ ሚስት ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ ቧልት ትወዳለች። ለወታደሩ የሚሠራው ሁሉ በቆርቆሮ በሚመጣ ነጭ ቅባት ነበር። ምን ብለው እንደሚጠሩት እንጃ፤ እኛ የቆርቆሮ ሞራ አልነው። የመጀመሪያው ቀን በምላሴ ጫፍ ብነካው ላንቃዬ ላይ ተጋግሮ ሊያስታውከኝ ደረሰ። የምን እንስሳ እንደሆነ፣ የማን እጅ እንዳረደው አይታወቅ! አመድ ይዤ አፌን ስፈትግ ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ቆይ» አለችኝ፤ «ወር አትሞይም።»

ወር አልሞላሁም። ረኃብ ምን ያህል ቶሎ ሰውን እንደሚያስተምር እነግራችኋለሁ። ደመወዙን ዱቄት አድርጌ ለአባቴ ነው የምወስደው፤ እኔ የምበላው ከካምፑ ድስት የተረፈውን ነው። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት። ቀጥሎ ዳቦ ከመጥበሻው ላይ እያጠቀስሁ በላሁት። ከዚያ ወዲያ መጥበሻውን የምጠርገው እኔ ሆንሁ። ሮቡን ዓርቡን ገደፍሁ፤ ሁዳዴን ገደፍሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እያልሁ ዋጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ሾርባው ውኃ ውኃ ይለኝ ጀመር።

«ይሄ ቆርቆሮ ተበላሽቷል መሰለኝ» አልኋት አንድ ቀን፤ «ምንም አይልም።»

«አንቺ ነሽ እንጂ የተበላሸሽው» አለችኝ። «እኔ ስመጣ አንድ ጭልፋ ይበዛብኝ ነበር። አሁን ሦስት አድርጌም ውኃ ነው። ጨምሪ፣ ጨምሪ!»

ጨመርሁ።

መበላሸቴን ያረጋገጥሁት ገበያ ውስጥ ነው። የእናቴ ወዳጅ የነበረች አሮጊት ቅቤ ነጋዴ አየችኝና «ነይ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቅመሽልኝ» ብላ ስንደዶ ሰጠችኝ። በሥርዓቱ ሰክቼ አወጣሁ፣ ወደ ላንቃዬ ገፋሁ። ምንም የለም። እንደ ውኃ ሄደ። ዝም አልሁ፤ ንጹሕ ነው ማለቴ ነው። አሮጊቷ አምናኝ ገዛች። በሳምንቱ ሳገኛት እኩሌታው ሞራ እንደነበረ ነገረችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን «ወይ ልጄን!» ብላ ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ ሰው ሲሞት እንደሚባለው አድርጋ።

እናቴ እንዳስተማረችኝ ሦስት ቀን ቅባት ሳልነካ ልሞክር አልሁ። ሁለቱን ቀን ደረቅ ዳቦ በውኃ በላሁ። በሦስተኛው ቀን ድስት ተሸክሜ ስቆም ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅሁ። ሴትዮዋ አንሥታ መጥበሻውን ከፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ ጠረግሁት። በቃ፣ ተውሁት።

ለአባቴ ይህን አልነገርኋቸውም። አፈርሁ። ለሳቸው ያቺው የእናቴ ልጅ ነበርሁ፤ ቅባት የማያታልላት። ጎረቤት ሲመጣ «የኔ ልጅ እኮ…» ብለው ስለ ምላሴ ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። ያን ለት አንገቴን ቀና አድርጌ «አባየ፣ ምላሴ ሞቷል» ብላቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ።

አባቴ ከተሳሉ አራተኛው ፋሲካ ደረሰ። በየአመቱ ለበዓል ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ለመሄድ ስሰናዳ ሴትዮዋ ትንሽ ቅል ሞልታ ሰጠችኝ። «ኑግ ዘይት ነው፤ ለአባትሽ» አለችኝ፤ ጥሉላት እንደማይበሉ ነግሬያት ነበር። ተንኮል አልነበረባትም። ዘይቱን የቀዳችው ሞራ ሲቀልጥበት ከዋለው ማሰሮ እንደሆነ፣ ሞራው ሳይገለበጥ ዘይቱ እንደተጨመረበት ኋላ ነው ያወቅሁት። እሷም ብትቀምሰው አታውቀውም፤ ምላሷ ከኔ የባሰ ነበር። እኔ ግን ቀምሻለሁ። እናቴ ትየኝ፣ በሥርዓቱ ቀምሻለሁ። ዘይት ነው ብዬ ቅሉን በነጠላዬ ቋጠርሁት።

መንደሩ፣ ከቃጠሎው የተረፈው ማለቴ ነው፣ በፋሲካ ለት ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር አሉ። ለኔ አልሸተተኝም። ለአባቴ ሽሮ ሠራሁ። ዘይቱን አልሰሰትሁም፤ ከተሳሉ ጀምሮ ፋሲካን የሚመስል ነገር አልቀመሱም ብዬ ጨመርሁ፣ ደግሞ ጨመርሁ። አቀረብሁላቸው።

አባቴ አንድ ጎረሱ። ማላመጣቸውን አቆሙ። ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ጣፈጠዎት?» አልሁ፤ እየሳቅሁ።

ዋጡት። ሁለተኛ ጎረሱ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ።

«አባየ፣ ምነው?»

«በርበሬው ነው» አሉ።

«ኧረ በርበሬ አላበዛሁም!»

«በዝቷል» አሉና ገበታውን ጠርገው በሉት። ከተሳሉ ጀምሮ ገበታ ጠርገው ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። «እጅሽ ይባረክ። በርቺ፣ ልጄ። እኔም በርትቻለሁ።»

እኔ ሞኟ፣ እኔ ጅሏ፣ ደስታዬ! የካምፑ ሥራ ከብዶኛል ብለው የሚያበረቱኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ቅሉን ከዚያው ማሰሮ እያስሞላሁ ሽሮ እሠራላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይበላሉ። በሰው ፊት ጾሙን አልተዉም፤ ጎረቤት ወተት ቢያመጣ «ስለት አለብኝ» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እቀባጥራለሁ። ወንድሜ ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን፣ በሬ እንገዛለን፣ እንድረዋለን እላለሁ። እሳቸው በሩን አየት አድርገው «ደግ ነው፤ እንዲያ በይ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ «እናትሽን ትመስያለሽ» አሉኝ። ለምን እንዳሉኝ አልጠየቅሁም፤ ሙገሳ ነው ብዬ ተቀበልሁት።

ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። አርበኞች ከየጫካው መግባት ጀመሩ፤ መንገዱ በእልልታ ተሞላ። እኔ እልል እያልሁ ገበያ ሮጥሁና ለወንድሜ ራስ የሚቀባ ቅቤ ገዛሁ። ጠጉሩ እንዴት ተንጨባሮ ይሆን እያልሁ ነው። ቅቤው ንጹሕ መሆኑን የቀመሰችልኝ ሌላ ሴት ናት፤ ያ እንኳ ያን ለት አላሳፈረኝም። እየሮጥሁ ቤት ደረስሁ። አባቴ ከግድግዳው ተጠግተው ቁጭ ብለዋል።

«አባየ፣ ተነሡ እንጂ! ጫካ የነበረው ሁሉ እየገባ ነው። መንገድ ወጥተን እንቀበለው!»

ቀና አሉ። «ማንን?»

«ማንን ይላሉ እንዴ! ልጅዎን ነዋ!»

በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ጣሊያንማ ሄደ» አሉ በቀስታ። «ከእንግዲህ ማንን ትፈሪያለሽ? ይበቃል። ነይ፣ ቁጭ በይና እናልቅስለት።»

«ለማን ነው የምናለቅሰው?»

ቅቤውን እንደያዝሁ ቁጭ አልሁ። አባቴ ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩ፤ ቀስ በቀስ አንድ ነገር እየገባቸው እንደሆነ አየሁ። እኔ ግን ገና ምንም አልገባኝም።

«በፋሲካ ለት» አሉ፤ «በሽሮው ሞራ አድርገሽ ያቀረብሽልኝ… አውቀሽ አልነበረም?»

«የምን ሞራ?» አልሁ።

ያን ጊዜ ነገሩኝ። በዚያ ሁዳዴ መካከል የወንድሜ ጓደኛ ገለባ ሻጭ መስሎ መጥቶ ነበር። ወንድሜ በጥይት ወድቋል፤ እነሱው ቀብረውታል። አባቴ ጓደኛውን «ለእኅቱ እንዳትነግራት፤ ካምፕ ውስጥ ናት፤ ካለቀሰች ያውቁባታል፣ ይሰቅሏታል» ብለው አስምለው ሰደዱት። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ጾማቸውንም አላቆሙም። ቢያቆሙ መንደሩ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ የባንዳ ጆሮ አለ። ልጃቸው ሞቶ እኔን ለመጠበቅ ሲሉ ለሞተው ይጾሙ ነበር።

«ያን ለት አንድ ብጎርስ ሞራ ነው» አሉኝ። «ያውም ለጉድ! አራት ዓመት ያልነካው አፍ ሊስተው ነው? ልጄ ደግሞ ቅባት አያታልላት። እንግዲያ ሰምታለች አልሁ። በአፏ ልትነግረኝ ፈርታ፣ እንደ እናቷ በወጥ ነገረችኝ፤ ጾሙ ይብቃዎት፣ የሚጾሙለት የለም አለችኝ አልሁ። ከካምፕ የመጣ ርኩስ ሞራ እንደሆነም አውቄያለሁ። ሌላ መናገሪያ አጥታ ነው ብየ በላሁት።»

«አባየ…»

«ደስ አለኝ እኮ!» አሉ። «እግዜር ይይልኝ፣ በዚያ ኀዘን ውስጥ ደስ አለኝ። ብቻየን አይደለሁም አልሁ። ሲመጣ እንድረዋለን ስትይ ለጎረቤት ጆሮ ነው የምታወሪው ብየ፣ አይ ጀግንነት እያልሁ አደንቅሽ ነበር።»

ከዚያ ቅቤውን ከእጄ ወስደው መሬት አስቀመጡት። እንዲህ አሉ፤ ቁጣ የለበት፣ ወቀሳ የለበት፤ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው ያሉት።

«እንግዲያ ዓመቱን ሙሉ ብቻየን ነበርሁ።»

አለቀስን። ግን አንድ ላይ አልነበረም። እኔ ገና የዛሬ መርዶ ነው የማለቅሰው፤ እሳቸው ዓመት ያለፈውን ጨርሰዋል፤ እንባም አልመጣላቸውም። ያን ክረምት አልወጡም። በሽታ የለባቸው፤ እንዲሁ ምግብ ቀነሱ፣ ከዚያ ተዉ። እኔ የሠራሁትን ሽሮ ሲጎርሱ በላንቃቸው ሲፈልጉ አይ ነበር፤ ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ምንም አልነበረበትም።

አባቴን ቀብሬ ስመለስ ጾማቸውን ያዝሁት። ለማን እንደምጾም አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቅ። ጥሉላት ሳልነካ መንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ስገባ ገና ከደጁ ምጣዱ በምን እንደታሰሰ፣ ድስቱ ምን እንደነካው አፍንጫዬም አፌም ነገረኝ። ምላሴ ተመልሷል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር።

ቤት ገብቼ ያንን ቅል ከተሰቀለበት አወረድሁት። ከሥሩ የደረቀ ነገር ቀርቷል። ስንደዶ ሰክቼ ፈቅፍቄ አወጣሁ። በምላሴ ጫፍ ተቀበልሁ፣ ወደ ላንቃዬ ገፋሁ። ሌላ ማሰብ አላስፈለገም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን የማይስተው ሞራ ነው፤ ተለጠፈ፣ ቀረ። አመድ ላይ ተፋሁ። ከዚያ በልማዴ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ቤቱ ውስጥ የሚያየኝ ሰው አልነበረም።